ወገቤን ይዤ ቻይና ደርሼ መጣሁ

ወገቤ የታመመው ዛሬ አይደለም። 3000 ሜትር መሰናክል እሮጥ በነበረበት ዘመን አንድ ቀን ከውሃው መሰናክል ስወርድ አወራረዴ ተበላሸ። ያረፈው እግሬ ነው፣ የጮኸው ግን ወገቤ። ከዚያ በኋላ ኤምአርአይ፣ ክኒን፣ እረፍት፣ እንደገና ክኒን። የዲስክ መንሸራተት ነው ተባልኩ። ሩጫውን ተውኩት። አሁን በአንድ ክለብ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ልጆቹ ግን ዲግሪዬን ከምንም ሳይቆጥሩት «ወጌሻ» ነው የሚሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ቤጂንግ ውስጥ የስፖርት ሕክምና ይማራል። «ና፣ እዚህ ያለ ክኒን የሚሠሩትን እይ። ወገብህንም ይዘህ ና» እያለ ሁለት ዓመት ወተወተኝ። የገዛኝ «ያለ ክኒን» የሚለው ነው። አትሌት ያገኘውን ሁሉ አይውጥም። በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ውስጥ የሚገባው ማ ኋንግ የሚሉት ተክል ኤፌድሪን አለው። ኤፌድሪን ደግሞ በውድድር ሰሞን ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። በአንዳንድ ቅጠላ ቅጠሎቻቸው ውስጥ ያለው ሂጄናሚን ደግሞ ከነጭራሹ ክልክል ነው። አንድ ስኒ «ለወገብ ጥሩ ነው» የተባለ ፍል የአንድን ልጅ የሩጫ ዘመን ሊበላ ይችላል። የሚያሽ እጅ፣ ጀርባ ላይ የሚደፋ ብርጭቆና መድኃኒት የሌለው ባዶ መርፌ ግን ሽንት ውስጥ አይገኙም።

እና ሄድኩ። ማስታወሻዬን ከተመለስኩ በኋላ ነው ያስተካከልኩት። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር የ2017 ዓ.ም. ናቸው።

እሑድ ጥቅምት 10 እና ሰኞ ጥቅምት 11፦ ከአዲስ አበባ ቤጂንግ

አውሮፕላን ውስጥ የደረሰኝ መስኮት ዳር ነው። ወገቡን ለሚያመው ሰው መስኮት ዳር እስር ቤት ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ለዕቃ የምትመላለስ እህት ሦስቴ ካስነሳኋት በኋላ «ወንድሜ፣ ና ቦታ እንቀያየር፣ አለዚያ ሁለታችንም አንተኛም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን መንገድ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቆሜ ነው የሄድኩት። አስተናጋጆቹ የሥራ ባልደረባቸው አደረጉኝ።

ቤጂንግ ብርድ ነው፣ ግን ደረቅ ብርድ። የአክስቴ ልጅ ገና ሰላም ሳይለኝ ስልኬን ተቀብሎ የመክፈያ መተግበሪያ ጫነልኝ። ያለ ስልክ እዚያ አገር ሙዝ መግዛት አይቻልም ማለት ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ልከፍል ብዬ 100 ዩዋን ያወጣሁለት ፍራፍሬ ሻጭ የአያቱን ፎቶ ያሳየሁት ይመስል አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ።

አንድ ዩዋን ያኔ 17 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሁሉን ነገር ማባዛት አባዜ ሆኖብኛል። የመጀመሪያው ማታ የበላሁት የበሬ ሥጋ ያለበት የፓስታ ሾርባ 28 ዩዋን ነው። 476 ብር። ጣፋጭ ነበር፣ ሒሳቡ ግን አልዋጥ አለኝ። «ማባዛቱን ተው፣ አለዚያ በረሃብ ትሞታለህ» አለኝ የአክስቴ ልጅ።

ማክሰኞ ጥቅምት 12፦ ሆስፒታሉና የጠፋው ፖስታ

ከአዲስ አበባ የኤምአርአይ ፊልሜን በትልቅ ፖስታ ይዤ ነበር። ቤጂንግ ባቡር ጣቢያ በገባህ ቁጥር ቦርሳህ በመፈተሻ ማሽን ያልፋል። ቦርሳዬን አነሳሁ። ፖስታውን ማሽኑ ላይ ተውኩት። ያወቅኩት ሐኪሟ ፊት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ሆስፒታሉ የባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል ነው። ባህላዊ ሲባል ጎጆ ቤት የጠበቀ ካለ ተሸውዷል። ባለ ብዙ ፎቅ፣ አሳንሰር የሚያጋፋ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመርካቶ ቅዳሜን የሚያስንቅ ሕዝብ። ፓስፖርት አሳይተህ ካርድ ታወጣለህ፣ 50 ዩዋን ትከፍላለህ፣ ቁጥርህ ስክሪን ላይ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ስሜን ሲጠሩ ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም፣ ስሜ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ሐኪሟ ስልሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ምላሴን አዩ። የሁለቱንም እጆቼን የደም ሥር በሦስት ሦስት ጣት ያዙ። ከዚያ አስተኝተው ወገቤን በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ይጫኑ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ «አዎ! እሱ ጋ!» ብዬ ጮኽኩ፣ በአማርኛ። ማስተርጎም አላስፈለገም። ሳቁ። ለካ ለዚህ ነገር ስም አላቸው፦ «አሺ» ይሉታል፣ «አዎ፣ እሱ ነው» እንደማለት። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው ታላቁ ሐኪም ሱን ሲሚያዎ የመዘገበው ነው። ሲጫኑት በሽተኛው «እሱ ነው» የሚልበት ቦታ ራሱ የሕክምና ነጥብ ነው። ሰፈራችን የነበሩት ወጌሻ «እዚህ ጋ ነው? እዚህስ?» ሲሉ ሲያደርጉት የኖሩት ይኸው ነው። ማንም ግን ስም አላወጣለትም።

ከዚያ ሐኪሟ ፊልሜን ጠየቁ። ፊልም የለም። «ፊልሙን ሳላይ ረጅሙን መርፌ አልወጋህም» አሉ። ወደ ጣቢያው ተመለስን። የፍተሻዋ ልጅ ፖስታውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች። ፊልሙን አውጥታ በመብራት ስታይ ነው የደረስነው። የአከርካሪዬን አጥንት በጣቷ አሳይታ በቻይንኛ የሆነ ነገር አለች። «መጥፎ ነው አለች» ብሎ ተረጎመልኝ የአክስቴ ልጅ። የመጀመሪያው ነፃ የምርመራ ውጤቴ ነው።

መርፌው እንዲህ ነው። ቀጭን ነው፣ እንደ ፀጉር የሚሉት ግን ግነት ነው። ሁለት ወገቤ ላይ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ረጅም ቂጤ ላይ፣ አንድ ከጉልበቴ ጀርባ ካለው ስርጉድ ላይ። የመጨረሻው ገረመኝ። የሚያመኝ ወገቤ፣ የሚወጉት ጉልበቴን! ዌይጆንግ ይሉታል ነጥቡን። ተማሪዎች በቃላቸው የሚይዙት ስንኝ አለ፣ «የወገብና የጀርባን ነገር ከዌይጆንግ ፈልግ» የሚል። ትልቁ የእግር ነርቭ በዚያው መስመር ስለሚወርድ ለኔ ለፊዚዮቴራፒስቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እነሱ ግን ስለ ነርቭ አያወሩም፣ ስለ ቺ ነው የሚያወሩት፣ ገላ ውስጥ ይዘዋወራል ስለሚሉት የሕይወት ኃይል።

ሲወጋ ብዙም አያምም። የሚመጣው በኋላ ነው። ሐኪሟ መርፌውን በጣታቸው ሽክርክር እያደረጉ «ጃንግ ቡ ጃንግ?» ይላሉ፣ ወጠረህ ወይስ አልወጠረህም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከውስጥ የሆነ ነገር ተነስቶ እስከ ተረከዜ ወረደ። የዛለ፣ የደነዘዘ፣ የተወጠረ፣ የከበደ፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ። «ጃንግ! ጃንግ!» አልኩ። ደስ አላቸው። ይህ ስሜት ካልመጣ መርፌው ሥራውን አልጀመረም ባዮች ናቸው። ከዚያ መርፌዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆነጠጡልኝና የግራ እግሬ ብቻውን ይጨፍር ጀመር። ከላይ ደግሞ ወገብ የሚያሞቅ መብራት ደገኑብኝ። «ተአምረኛው መብራት» ነው በሕዝቡ አጠራር። ለሠላሳ ደቂቃ እንደዚያ ሆኜ ተኛሁ።

180 ዩዋን። ስነሳ ወገቤ ቅልል አለኝ፣ አልዋሽም። ማታ ግን ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

ረቡዕ ጥቅምት 13፦ ዛፍ የሚደበድቡ ሽማግሌዎች

ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ጠዋት መንገድ ዳር ጂየንቢንግ የምትሸጥ ሴት አየሁ። ክብ ምጣድ ላይ ሊጡን በእንጨት ዘርግታ በስሱ ታስሰዋለች። እንጀራ እናቴ ስትጋግር የማየው ነው፣ አክንባሎው ብቻ ይቀራል። ችግሩ ላዩ ላይ እንቁላል ታፈሳለች። ያለ እንቁላል አድርጊልኝ አልናት። አይሆንም አለች፣ ይቀደዳል። አደረገችው። ተቀደደ። ስትስቅ ዓይኗ ጠፋ። የተቀደደውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ 8 ዩዋን። ቁራጩን እንደ ፍርፍር በላሁት።

ከዚያ ቲያንታን፣ የገነት ቤተ መቅደስ ፓርክ ሄድን። መግቢያው 15 ዩዋን ነበር። ቱሪስቱ ወደ ክቡ መቅደስ ይሮጣል። እኔ ከጥዶቹ ሥር ቀረሁ። ጡረተኞች በየቦታው አሉ። አንዱ ወደ ኋላ እየተራመደ ይዞራል። አንዷ እግሯን በራሷ ቁመት ያለ ብረት ላይ ሰቅላ ታወራለች። ሦስት ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለዛፍ ሰጥተው፣ ዷ! ዷ! ዷ! ወገባቸውን ከግንዱ ጋር ያጋጫሉ። ልጅ ሆነን አህያ እንደዚህ ስትታከክ አይቻለሁ እንጂ ሰው አላየሁም። «ለጀርባ ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔ ለአትሌቶቼ አላዝም።

ባዱዋንጂን የሚሠሩትን ግን ከጀርባቸው ቆሜ ተከተልኩ። ስምንት እንቅስቃሴ ነው፣ ዝግ ያለ፣ በትንፋሽ የሚሄድ። የሚመሩት እናት ዞረው አዩኝና ትከሻዬን ዝቅ አደረጉልኝ። አንዱ እንቅስቃሴ «በሁለት እጅ እግርን ይዞ ኩላሊትና ወገብን ማጠንከር» ይባላል። ጎንበስ ብለህ እግርህን ትይዛለህ። ዲስኩ ለተንሸራተተ ሰው ያን ያህል መጉበጥ ጠላት ነው። እጄን ጉልበቴ ላይ አቆምኩ። እናትየው አዩና ምንም አላሉም፣ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ይሁን ማለት ይሁን ሰነፍ ማለት አላወቅኩም።

የዕለቱ ስም በእነሱ አቆጣጠር «ውርጭ መውረጃ» ነው። የአክስቴ ልጅ አከራይ ይህን ጠቅሰው «ከዛሬ ጀምሮ ወገብህን ሸፍን፣ ብርድ ይገባብሃል» ብለው መከሩኝ። ብርድ ይገባብሃል! ጎጃም ያሉት አያቴ መሰሉኝ። ነፋስ፣ ብርድና እርጥበት ወገብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ነው የእነሱም እምነት። እኛም «ብርድ መታኝ» እንላለን። ስለዚህ ሁሉም ሰው የፈላ ውሃ ነው የሚጠጣው። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠይቅ አስተናጋጇ ደንግጣ የአክስቴን ልጅ አየችው።

ከሰዓት በኋላ እሱ የሚለማመድበት የስፖርተኞች ማገገሚያ ክፍል ወሰደኝ። የመጣሁበት ነገር እዚህ ነው ያለው።

በሩ አጠገብ አራት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ተደርድረው ትራስ የሚያክል የጨርቅ ከረጢት ላይ እጃቸውን ያንከባልላሉ። ከረጢቱ ውስጥ ሩዝ ነው። ቱዊና ይባላል ሙያው፣ ማሸት ብለን ብንተረጉመው ያንሰዋል። እጅ በሰው ገላ ላይ ከማረፉ በፊት ወራት ሩዝ ላይ ይሰለጥናል። የሚለማመዱት ጉንፋ የሚባለውን ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው የእጅ ጀርባ ጠርዝ ከከረጢቱ ሳይላቀቅ ይንከባለላል፣ ክንዱ ይወዛወዛል፣ ትከሻው ግን አይንቀሳቀስም። ሞክር አሉኝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ነደደ። ቆዳው ላይ እንደማይፋተግ፣ ክብደቱ ብቻ እንደሚያልፍ ለማረጋገጥ አስተማሪው ከከረጢቱ ላይ ጨርቁ ሲንሸራተት ካየ ይመታሃል። ጨርቁ ተንሸራተተብኝ። ተመታሁ፣ በቀልድ።

አልጋው ላይ ክብደት አንሺ ልጅ ተኝታለች፣ አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው። ወገቧ ላይ ያለው ጡንቻ እንደ ገመድ ቆሟል። ባለሙያው አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ተንከባለለባት፣ ከዚያ በክርኑ ቂጧ ላይ ተጫነ። አልጮኸችም፣ ስልኳን ታያለች። እንደጨረሰ ግን ሂጂ አላላትም። ወለል ላይ አወረዳትና በክርኗ ተደግፋ ሆዷን አጥብቃ እንድትቆይ፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ክብደት ዱላ ይዛ እንድትነሳ አሠራት። ማሸቱ በር ይከፍታል፣ የሚገባው እንቅስቃሴው ነው፣ እንደዚያ ነው ያስረዳኝ።

ሌላ ልጅ ነበር፣ ጂምናስቲክ የሚሠራ፣ አሥራ አራት ዓመቱ። ወደ ኋላ ሲለጠጥ ያመዋል። እሱን ማንም አልነካውም። ራጅ አስነሱትና ቤቱ ሰደዱት። በዚያ ዕድሜ ጀርባቸውን ደጋግመው የሚለጥጡ ልጆች፣ ጂምናስቲክ የሚሠሩና ከማማ ውሃ ውስጥ የሚጠልቁ፣ የታችኛው አከርካሪ አጥንታቸው ከኋላ በኩል በድካም ሊሰነጠቅ ይችላል። እሱን ጠምዝዞ ማንቋቋት አደጋ ነው። መድኃኒቱ ከስፖርት መራቅና ጊዜ ነው። እኔ ለዓመታት «የእድገት ሕመም ነው፣ ይለፍልህ» ሲባሉ የሰማኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

ሐሙስ ጥቅምት 14፦ ብርጭቆና ጭስ

ብርጭቆ የተደረገልኝ ዛሬ ነው። ባለሙያው ጥጥ በአልኮል ነክሮ በመቆንጠጫ ያቀጣጥላል፣ ነበልባሉን ብርጭቆው ውስጥ አስገብቶ በቅጽበት ያወጣና ብርጭቆውን ጀርባህ ላይ ይደፋዋል። ፑፕ! ሥጋህ ወደ ውስጥ ይሳባል። አሥራ አራት ብርጭቆ ቆጠርኩ። የአክስቴ ልጅ ፎቶ እያነሳ «የፋሲካ ዳቦ መስለሃል» አለኝ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይተዋቸዋል። አንዱን ደግሞ ዘይት ቀብቶ ወገቤ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ነዳው። እሱ ያማል።

ዓለም ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይዞ ገንዳ ሲገባ ነው። ቻይኖቹ ግን በ2008 እዚሁ ቤጂንግ የራሳቸው ዋናተኛ ዋንግ ቹን በዚያው ምልክት መዋኘቷን ያስታውሳሉ። እኛስ? ዋግምት የማያውቅ የገጠር ሰው አለ? በቀንድ ነው እንጂ በብርጭቆ አይደለም፣ በአፍ ነው የሚሳበው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቆዳው በምላጭ ይበጣል። ምላጩን አልናፍቅም። ግን ክለባችን ውስጥ ዋግምት ብል የሚስቁብኝ ልጆች፣ በእንግሊዝኛው «ከፒንግ» ብላቸው ተሰልፈው እንደሚጠብቁ አውቃለሁ።

ከብርጭቆው በኋላ ጭስ። አይ የሚባል ቅጠል አለ፣ የአሪቲ ዘመድ ነው። ደርቆ ተወቅጦ እንደ ጥጥ ይሆንና በወረቀት ተጠቅልሎ የትልቅ ሲጋራ ቅርጽ ይይዛል። ጫፉን ለኩሰው ከቆዳህ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው ይይዙታል። አይነካህም። ሙቀቱ ግን እንደ ፀሐይ ይገባል። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ የበዓል ቀን ሣር የተጎዘጎዘበት ቤት ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። እኛ አገር በጋለ ብረት ጅማት ሲተኮስ አይቻለሁ፣ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነው። እነዚህ እሳቱን ከፍ ማድረጉን አስበውበታል። ይህም ከመርፌው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ማታ ዳክዬ በላን። ስለ ዋጋው አላወራም።

ዓርብ ጥቅምት 15፦ ባቡር ወደ ሉዎያንግ

አጥንት ጠጋኞቹን ለማየት ወደ ሉዎያንግ ከተማ ሄድን። ጉዞው አራት ሰዓት ገደማ ፈጀ፣ ትኬቱ ከ370 ዩዋን ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። ለወገቤ ከአውሮፕላኑ አሥር እጅ ይሻላል፣ ተነስተህ ትንጎራደዳለህ። ጾም ስለሆነ ቶፉ በሩዝ።

መንገድ ላይ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን አንድ ጥናት እንደገና አነበብኩ። ጀርመኖች 1162 የወገብ ሕመምተኞችን ሦስት ቦታ ከፈሉ። አንዱ ቡድን ትክክለኛውን መርፌ፣ ሌላው የውሸት መርፌ፣ ማለትም ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን መወጋት፣ ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው በትክክለኛው 47.6 በመቶ፣ በውሸቱ 44.2 በመቶ፣ በተለመደው 27.4 በመቶ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እንግዲህ ይህን እንዴት ትፈታዋለህ? መርፌው ከእኔ ሙያ በልጧል። የትም ብትወጋ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2016 መርፌውን ለወገብ ሕመም አትስጡ አሉ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በዓመቱ ከክኒን በፊት ሙቀት፣ ማሸት፣ መርፌ ሞክሩ አለ። ለአክስቴ ልጅ አነበብኩለት። «የሐኪሟ እጅስ?» አለኝ። «ሠላሳ ደቂቃ አጠገብህ ቆመው ወጠረህ ወይ እያሉ የጠየቁህ? እሱ በየትኛው ቡድን ይቆጠራል?» ዝም አልኩ። እኔ ለአንድ አትሌት የምሰጠው ስምንት ደቂቃ ነው።

ቅዳሜ ጥቅምት 16፦ አጥንት ጠጋኞቹ

ሉዎያንግ ጠዋት የሚጀምረው በበሬ ሥጋ ሾርባ ነው። አሳማ አለመሆኑን ለማረጋገጥ «ኒዩ ሮው? ኒዩ ሮው?» እያልኩ እንደ በሬ ጮኽኩ። ባለቤቱም ጮኸልኝ። ተግባባን። 15 ዩዋን፣ ሾርባው ካለቀ እንደገና ይጨመርልሃል።

ከዚህ ከተማ አጠገብ ፒንግሌ የምትባል ቦታ አለች። የጉዎ ቤተሰብ አጥንት ጠጋኝነት ከዚያ ነው የተነሳው። ከትውልድ ትውልድ ቤት ውስጥ ሲወርስ የኖረ ሙያ ነው፣ ልክ የእኛ ወጌሻ ለልጁ እንጂ ለጎረቤት እንደማያሳየው። ጋኦ ዩንፌንግ የሚባሉ በጋብቻ ወደ ቤተሰቡ የገቡ ሴት ናቸው ለውጭ ሰው ያስተማሩት። ዛሬ ከተማው ውስጥ ትልቅ የአጥንት ሆስፒታል አለ። ሙያውም እ.ኤ.አ. በ2008 የአገር ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እኔ የሄድኩት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ወገብ በማንቋቋት የታወቁ ናቸው። በጎንህ ያስተኙህና አንድ እጃቸው ትከሻህን ወደ ኋላ፣ ሌላው ዳሌህን ወደ ፊት፣ ቋ! ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ እንደዚያ ተደርጎለት ሳቅ በሳቅ ሆኖ ወጣ። እኔም ለዚያ ነበር የመጣሁት። እውነቱን ለመናገር ቋ የሚለውን ድምፅ ናፍቄ ነው።

እግሬን ቀጥ አድርገው አነሱት። በጣቴ፣ ከዚያ በተረከዜ አስኬዱኝ። ቁርጭምጭሚቴን በመዶሻ መቱ። የግራ እግሬን ውጫዊ ጠርዝ በጥጥ ነኩና «ይሰማሃል?» አሉ። ደንዝዟል፣ ዓመታት ሆኖታል። ፊልሙን እንደገና አዩ። «አልጠመዝዝህም» አሉ። ለመንኳቸው። «ነርቭህ ተነክቷል። ይህን ወገብ የሚያንቋቋ ሰው ካገኘህ ሽሽ» አሉኝ። ቅር አለኝ። ሆቴል ስደርስ ግን ቅሬታዬ ወደ አክብሮት ተለወጠ። ደንበኛ መመለስ የሚችል ወጌሻ ብርቅ ነው።

በምትኩ ቀስ ብለው አሹኝና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ሁለት ሥዕል አለው። አንደኛው «ትንሿ ወፍ ስትበር»፣ በሆድ ተኝቶ ደረትንና እግርን ትንሽ ማንሳት። ሁለተኛው «አምስት ነጥብ»፣ በጀርባ ተኝቶ በጭንቅላት፣ በሁለት ክርንና በሁለት እግር ተደግፎ ዳሌን ማንሳት። ሁለተኛውን ብቻ ሥራ አሉኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ይህንኑ ነገር፣ ከክርኑ በቀር፣ ለክለባችን ልጆች በየሳምንቱ አሠራለሁ። እኔ ራሴ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የሠራሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

እሑድ ጥቅምት 17፦ ሎንግመን

ሎንግመን ሉዎያንግ አጠገብ ያለ የዋሻዎች ቦታ ነው። መግቢያው 90 ዩዋን ነበር። ተራራው እንዳለ ተፈልፍሎ ቡድሃ ሆኗል፣ ትልቁ ከ17 ሜትር ያልፋል። ደረጃው ወገቤን ገደለው። እኔ የፈለግኩት ግን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈውን ዋሻ ነው። የመድኃኒት ማዘዣ ዋሻ ይሉታል። ወደ 140 የሚጠጉ ማዘዣዎች በሩ አካባቢ ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። አንዳንዱ ቅጠል፣ አንዳንዱ በአይ ጭስ መታከም። በብረት አጥር በኩል ነው የሚታየው፣ ጽሑፉም ተልጧል።

እዚያ ቆሜ የኛ ደብተራዎች የመድኃኒት ብራና ትዝ አለኝ። ያ ጣራ ሥር ተሰውሮ፣ ለሚታመን ተማሪ ብቻ ሲገለጥ ኖረ። ይኸኛው አላፊ አግዳሚ እንዲያነበው መንገድ ዳር ተቀረጸ። ስንት ነገር አብሮ እንደተቀበረብን እያሰብኩ ብዙ ቆምኩ። የአክስቴ ልጅ «ና፣ ረሃብ ሊገድለኝ ነው» ባይለኝ አሁንም እዚያው ነኝ።

ሰኞ ጥቅምት 18 እና ማክሰኞ ጥቅምት 19፦ ጓንዡ

የአክስቴ ልጅ ወደ ቤጂንግ ተመለሰ፣ እኔ ብቻዬን ወደ ደቡብ። ጓንዡ ሙቀት ነው፣ ጃኬቴ ሸክም ሆነ። ሺያዎቤይ የሚባለው ሰፈር ግማሽ አፍሪካ ነው። እዚያ አንድ የሐበሻ ቤት እንጀራ በላሁ፣ 70 ዩዋን። አላባዛሁትም።

ማክሰኞ በምድር ባቡር ፎሻን ደርሼ ተመለስኩ። ሁዋንግ ፌይሆንግ የሚዘከርበት ቤት እዚያ ነው፣ በፊልም የምናውቀው የኩንግ ፉ ጀግና። ሰውየው በእውነተኛ ሕይወቱ የተሰበረና የወለቀ የሚያክም የራሱ ክሊኒክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1925 ነው የሞተው። የሚመታውም የሚጠግነውም አንድ ሰው! ክለባችንም እንደዚያ ነው፣ አሠልጣኙ ይሰብራል እኔ እጠግናለሁ፣ ሁዋንግ ግን ሁለቱንም ይሠራ ነበር።

ወደ አገሬ ይዤ ለመመለስ በእጅ የሚሳቡ የፕላስቲክ ብርጭቆዎች በ45 ዩዋን፣ አንድ ፓኮ የአይ ዱላ በ20 ገዛሁ።

ረቡዕ ጥቅምት 20፦ ቤት

ቦሌ ፍተሻው ሻንጣዬን አስከፈተኝ። «ይሄ ምንድን ነው? ሲጋራ ነው?» አይ ዱላውን ይዞ ነው። ለወገብ ነው አልኩት። አሸተተው። «አሪቲ ነው እንዴ? ቻይና ድረስ ሄደህ አሪቲ ይዘህ መጣህ?» አለና ከጎኑ ላለው ባልደረባው ሰጠው። እሱም አሸተተው። ሁለቱም ሳቁ፣ አሳለፉኝ።

ቤት ሸሚዜን ስቀይር እማዬ ጀርባዬን አየች። የብርጭቆው ምልክት ገና አልጠፋም።

«በስማም! ማነው የደበደበህ?»

«ዋግምት ነው እማዬ።»

ዝም ብላ አየችኝ። «ዋግምት?» አለች፣ «ታዲያ እዚሁ አባባ መሉ አሉልህ አይደል? ይህን ሁሉ ብር ከፍለህ?»

የአባባ መሉ ቤት ሁለተኛው ቅያስ ነው። ልጅ ሆኜ ክንዴ ሲወልቅ የመለሱት እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። በሳምንቱ ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ፣ እጃቸው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት፣ ካስፈለገም በስልኬ ለመቅረጽ። «አሁን ነው ትዝ ያልኩህ?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ «እስቲ ና፣ ተኛ» አሉ።

ማታ ማታ አምስት ነጥቡን እሠራለሁ። ከዚያ ደግሞ ሩዝ የሞላሁበት ከረጢት ላይ እጄን አንከባልላለሁ። ሦስት ደቂቃ ደርሻለሁ። ጨርቁ አሁንም ይንሸራተታል። ባለፈው እሑድ ግን ከረጢቱን ሳነሳው ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ሩዙስ?»

«እንግዳ መጥቶ ነበር» አለች ከማድ ቤት። «ምስር አድርግበት።»